የሽጉጡ እጀታ መርዶ

የአሮጌ ዕቃ ዕድል እንደየአገሩ ይለያያል። እኛ ዘንድ ዕቃ ሲያረጅ ወይ ይታደሳል፣ ወይ ለቆራሌው ይሰጣል። «ማርጀቱን ወድጄለት ነው» ብሎ የተላላጠ ጠረጴዛ ሳሎኑ የሚያቆም ሰው ቢገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረዋል። እዚህ ሚኒሶታ ግን ሰው ከኪሱ ከፍሎ እድፍ ሲገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። እድፍ ስላችሁ ደግሞ ትናንት የተለጠፈውን አይደለም፤ የመቶ ዓመት እድፍ ነው፣ ስም ሁሉ አለው፣ ፓቲና ይሉታል። እሱን ያጸዳ ሰው ዕቃውን እንደሰበረ ይቆጠራል።

እኔ ደግሞ አናጢ ነኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ በአንዲት የቤት ዕቃ ማደሻ ሱቅ እሠራ ነበር። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ያስተማረኝ አለቃ ጠረጴዛ ሠርቼ ሳቀርብለት ላዩን እንኳ አያይም፤ ገልብጦ ሆዱን ነበር የሚያየው። ከሥር አንዲት የእርሳስ ጭረት ካገኘ አለቀልኝ። የእርሳስ ምልክት ከውስጥ ረስቶ ዕቃ ማስረከብ፣ ለእሱ፣ ዚፕ ሳይዘጉ ሠርግ ቤት እንደመግባት ነው። ይኼ ነገር በኩርኩም ስለገባኝ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሃሮልድን የተዋወቅሁት የወንበር እግር ሊያሠራ መጥቶ ነው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር፤ ሚስቱ ሞታ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ብቻውን ይኖራል። ወንበሩ ካለቀ በኋላም ለወሬ ይመላለስ ጀመር፤ አንድ ቀን ቤቱ ወስዶ ከመስታወት ጀርባ የደረደራቸውን ሰባት አሮጌ ሪቮልቨሮች አሳየኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ሽጉጥ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው በሩ በየት በኩል እንደሆነ ነው። እኔም ፈለግሁ። ሃሮልድ ግን በሁለት እጁ አቅፎ አንዱን አወጣና «አፈሙዙን ተወው፣ እጀታውን እይ» አለኝ።

አየሁ። ምን ልበላችሁ፣ ነገሩ እንጨት ነው ለካ! ዋልነት የሚባለው ጠንካራ እንጨት፤ በእጅ ብዛት የለዘበ። ሃሮልድ እንደ ቄስ ተማሪ አስቀመጠኝና አስተማረኝ። ከፋብሪካ አብሮት የወጣ እጀታ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ጥፍር አያስገባም። ብረቱ አርጅቶ እንጨቱ ወጣት ከሆነ ጠርጥር። የብሎኑ ጭንቅላት በካቻቢቴ ከቆሳሰለ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። እጀታው የራሱ ያልሆነ ሽጉጥ ለሰብሳቢ ሰው ግማሽ ሽጉጥ ነው። ከሁለት ወር በኋላ እኔ፣ ከሽጉጥ ስሸሽ ያደግሁት ሰውዬ፣ አጉሊ መነጽር ይዤ እጀታ ላይ እደፋ ነበር።

ከሰባቱ አንዱ የአባቱ ነው። ስለ እሱ ሲወራ የሃሮልድ ድምፅ ይለወጣል። ሌነርድ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፣ አፕል ቫሊ የሚኖር፤ በየዓመቱ ለታንክስጊቪንግ፣ ለፈረንጆቹ የምስጋና በዓል፣ ሲመጣ ይቺን ሽጉጥ ሳይጨብጥ ምሳ አይቀርብም። «አባታችን ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ብሎናል» ይላል፤ በቃ፣ እንደ ጸሎት ነው። ታዲያ በዚያ መኸር እጀታው ተሰነጠቀ። ሃሮልድ ብሎኑን ማንንም ሳያስነካ ራሱ ፈታና ሁለቱን እንጨቶች በመሐረብ ጠቅልሎ ሱቅ አመጣልኝ።

«ስንጥቁን ብቻ» አለኝ። «ላዩን እንዳትነካ፤ እድፉን ተውልኝ።»

ላዩን አልነካሁም። በእናቴ ስም እምላለሁ፣ በጣቴ እንኳ አላሸሁትም። ስለ ውስጡ ግን ማን ምን አለኝ? ገለበጥኩት፤ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ቁጥር። በሁለቱም ላይ። እጄ ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሳው እኔን ሳያማክር ነው። ፋቅሁ፣ አለሰለስኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ስንጥቁን በኮላ ይዤ ሞርሳ ውስጥ አስገባሁት። አለቃዬ ቢያየው ያለቅስ ነበር፣ በደስታ።

በማግስቱ እሑድ ሃሮልድ የአሮጌ መሣሪያ ኤግዚቢሽን ወሰደኝ። እሱ ለቡና ሲሰለፍ እኔ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ እጀታ ፈትቶ ለገዢ ያሳያል። «ይኸውልህ» ይላል፣ «የፋብሪካው ሠራተኛ እንዳይቀላቀልበት የሽጉጡን ቁጥር ውስጡ ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ከብረቱ ጋር ከገጠመ ክርክር የለም፣ ኦሪጅናል ነው። ከሌለ ግን እንግዲህ ማን ያምንሃል?»

የአንድ ሰው የአባቱን ቃል፣ ያለችውን አንዲት ማስረጃ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጥፍቻለሁ። ሃሮልድ ቡናውን ይዞልኝ መጣ፤ ጠጣሁት፣ ጣዕሙን አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አፌን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁ።

ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተክሌ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ቤት የተማሩት አማርኛ የእኔን ያሳፍራል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ። ሰው ሁሉ የሚፈልጋቸው ግን ለመርዶ ነው። እንደምታውቁት ከአገር ቤት የሞት ዜና ሲመጣ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ወዳጅ ሰምቶ ይደብቃል፣ ሰው ኦፍ የሚሆንበት ቅዳሜ ይጠበቃል፣ ከዚያ ማለዳ ተሰብስቦ ይገባል። ከፊት የሚገቡት ጋሽ ተክሌ ናቸው። ፊታቸው ለዚህ የተሠራ ነው።

ታሪኩን ነገርኳቸው። «ስልክ ልደውልለት?» ብላቸው ተቆጡ።

«የአባቱ ጉዳይ በስልክ ይነገራል? አላደግህም እንዴ? ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ በጠዋት እንገባለን።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁለታችን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ በረዶውን ከጫማችን አራግፈን የሃሮልድን በር አንኳኳን። በፒጃማ ከፈተ። እኔን አየ፣ የማያውቃቸውን ጋሽ ተክሌን አየ፣ ፊታቸውን አየ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ይቀመጡ» አሉት ጋሽ ተክሌ፣ ክንዱን ይዘው። ከዚያ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ በዚህ ዓለም የማያልፍ እንደሌለ፣ ዕቃም እንደ ሰው እንደሚያልፍ፣ እሱም ጠንካራ ሰው እንደሆነ መሰከሩ። ሃሮልድ ነጣ።

«ሌነርድ ነው? ንገሩኝ፣ ሌነርድ ነው?»

አልቻልኩም። «ቁጥሩን ፋቅሁት!» ብዬ ጮህኩ። «ከእጀታው ውስጥ ያለውን! ምልክት መስሎኝ ነው፣ ፋቅሁት!»

«ከሁለቱም?» አለ ሃሮልድ ቀስ ብሎ። ከሁለቱም አልኩ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ተክሌ መሐረብ አወጡ። እጁን ሲያነሳ ግን እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ያዘለ ቢሆንም ሳቅ ነው።

«ቁጥሩ የዚያች ሽጉጥ አልነበረም» አለን። አባቱን በቀበረ በሳምንቱ ብሎኑን ፈትቶ አይቷል። እጀታው የሌላ ሽጉጥ ነው። አባታቸው ወይ አያውቅም ነበር፣ ወይ ለልጆቹ ዋሽቷል። ሃሮልድ መልሶ ገጠመውና ለማንም ትንፍሽ አላለም። «የከተማው ሽጉጥ አዳሾች ሁሉ የሌነርድ ጓደኞች ናቸው፤ ቢከፍቱት ይነግሩታል። ላንተ የሰጠሁህ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ነው። ከእንግዲህ ደግሞ ማንም ቢከፍተው የሚያነበው የለም።»

ዕውቀቴን አይቶ የመረጠኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አለማወቄን ነው። አመመኝ፣ አልደብቃችሁም።

ጋሽ ተክሌ ግን እኔን ረስተውኛል። ሃሮልድን የሙያ ባልደረባ እንዳገኘ ሰው ተጠግተው ያዩታል። «ስንት ዓመት ደበቁት?» አሉ።

«ሠላሳ አንድ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሳቸው እስከዚያ ቀን የሚያውቁት ረጅሙ የተደበቀ መርዶ ስምንት ወር ነው።

«በእናንተ ወግ» አለ ሃሮልድ፣ አሁን ሳይስቅ፣ «የሚነገረው መቼ ነው? አንዳንድ ቀን ለሌነርድ ሳልነግረው ብሞትስ እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ እሱ ሳያውቅ ቢሞት እላለሁ፣ ያ ይሻለኛል።»

«ሰውየው ጉልበት ሲያገኝ ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ጤናው ደህና ሲሆን፣ ቤቱ ሰው ሲሞላ። ወንድምዎ እንዴት ናቸው?»

«ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ልቡ ደካማ ነው። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ያለው ነገር ያ የአባታችን ወሬ ነው።»

ጋሽ ተክሌ በመስኮቱ በኩል ወደ አፕል ቫሊ አቅጣጫ ያዩ መሰለኝ። ከዚያ በዚያ በመርዶ ድምፃቸው፣ «እንግዲያው ገና ነው» አሉና ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ።