መጨነቅ ስለ ተከለከለበት የመርሳ ስብሰባ

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20፣ መርሳ፣ በክሊኒካችን የካርድ ክፍል።

የተገኙ፦
1. አቶ ፈንታው፣ ሥራ አስኪያጅና ሰብሳቢ
2. ሲስተር ባይነሽ፣ ነርስ
3. መምህርት መቅደላ፣ ከወልድያ የተጋበዙ የሥነ ሕይወት መምህርት
4. ወይዘሮ ፈይሩዝ፣ የውርጌሳ ነጋዴ፣ አቤቱታ አቅራቢ
5. ዓሪፍ፣ ጤና መኮንን፣ ፀሐፊ
6. ዓሪፍ፣ ተከሳሽ

የአቤቱታ ኮሚቴው ስብሰባ ከስድስት ሰው በታች ስለማይጸና ፀሐፊው ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ አቤቱታ

ወይዘሮ ፈይሩዝ በድካምና በእንቅልፍ ማጣት ሦስት ጊዜ ቢመጡም ጤና መኮንኑ «ምንም የለብዎትም፤ ጭንቀት ብቻ ነው» ብሎ እንደሸኛቸው አስረዱ። ተከሳሹ አልካደም። ፀሐፊውም እያፈረ መዝግቧል።

መምህርት መቅደላ «ብቻ» የሚባል ጭንቀት እንደሌለ ገለጹ። ስንጨነቅ የሚመነጨው ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ለጊዜው የሰውነትን መቆጣት ያበርዳል፤ ጭንቀቱ ሲረዝም ግን የአንጎል ተከላካይ ሕዋሳት «ተረጋጉ» የሚለውን መልእክት መስማት ሊተዉና ጠላት ሳይኖር የአደጋ ጥሪ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ድካሙም ከዚያ ሊመጣ ይችላል አሉ።

ሰብሳቢው ለሕዋሳቱ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቁ።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ሀ. ከሰኞ ጀምሮ በግቢው ውስጥ መጨነቅ ተከልክሏል።
ለ. መጨነቅ የግድ የሆነበት ሰው ከሦስት ቀን በፊት በሦስት ቅጂ ያመለክታል።

ሲስተር ባይነሽ ቅጹን የሚሞሉት እርሳቸው ከሆኑ የመጀመሪያዋ ተጨናቂ እርሳቸው እንደሚሆኑ ተናገሩ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሰው ሁሉ እንዲረጋጋ አዘዙ። ፀሐፊው «ጭንቀት» የሚለው ቃል «ጊዜያዊ የስሜት ጫና» ተብሎ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። የደገፈው ተከሳሹ ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ፈይሩዝ ተነሡ። «ልጄ ሚስባህ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ አራት ወሩ ነው። ድምፁን አልሰማሁም። ስልክ የጮኸ እየመሰለኝ ስባንን ይነጋል። ደሜን ቀዳችሁ፤ ምን ሆነሽ ነው ያለኝ ግን የለም።»



ተከሳሹ «እማማ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። አፉ ይበሉኝ» አለ።

«አፉ ብያለሁ» አሉ። «አላህ ድምፁን ያሰማኝ።»

ሲስተር ባይነሽ ከነሚስባህ ጋር ወጥቶ የተመለሰ አንድ ጎልማሳ ወልድያ እንዳለ አስታወሱ።

ስለዚህ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ኮሚቴውም ፈርሷል። ስብሰባው በ5፡10 ተበትኗል። ፀሐፊው ከወይዘሮ ፈይሩዝ ጋር የወልድያውን ሚኒባስ ለመያዝ ስለሮጠ ፊርማ አልተሰበሰበም።