ገዳዩ ሊቀመንበርና የሚስቴ ሳቅ

ባል በምን በምን እንደሚቀና የተጻፈ ዝርዝር የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ ከሁሉ በላይ መስፈር የነበረበት የሚስት ሳቅ ነው። ሚስትዎ የሌላ ወንድ ቁመት አይታ "እንዴት ያምራል" ብትል ግድ የለም፤ ቁመት ከእግዜር ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? ሌላ ወንድ ሚስትዎን እንባዋ እስኪወርድ ሲያስቃት ማየት ግን የት ይደረሳል? ይህን የምለው አንብቤ አይደለም። አምቦ ውስጥ፣ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ የደረሰብኝ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቀልደኛ ነህ እባላለሁ፤ እኔ ስገባ ሻያቸውን ከአፋቸው የሚያወርዱ ባልደረቦች አሉኝ። ባለቤቴ ሌንሴ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። በእጮኝነታችን ጊዜ ቀልዶቼን በሙሉ ትስቅላቸው ነበር። ከተጋባን ወዲህ ግን እኔ ስጀምር እሷ ትጨርስልኝና ወደ ጉዳይዋ ትመለሳለች። አዲስ ቀልድ ባመጣ ደግሞ እስከ መጨረሻው ታዳምጠኝና "እሺ" ትላለች። እስቲ ይፍረዱኝ፣ ለቀልድ "እሺ" መልስ ነው? ሳቋ ይናፍቀኛል። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ ለእርስዎ ግን ምን እደብቃለሁ?

ጎረቤታችን ኦቦ ፊጡማ የከብት ሐኪም ነው። እድሜያችን እኩል ነው፤ በአክብሮት "ኦቦ" ያሉት ባለከብቶቹ ናቸው፣ እኛም ተከተልናቸው። በወጣትነቱ ጌዶ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም ለተመልካች በአፉ ይተረጉም ነበር። እንዴት አድርጎ ይተረጉም እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው፤ እንግሊዝኛው ከሚያክማቸው ላሞች ብዙም አይሻልም።

ያን ሰሞን የሌንሴ እናት ለዓይናቸው ሕክምና ከጊንጪ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። እኔም እንደ ልጃቸው "ሃርሜ"፣ እማዬ፣ ነው የምላቸው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ በልተን እጃችንን እንደታጠብን ኦቦ ፊጡማ ፍላሽ ይዞ ከች አለ። "አካም ኦልተን!" ብሎ የሁላችንንም ሰላምታ ሳይጨርስ ፍላሹን ቴሌቪዥናችን ላይ ሰካና "ቲቸር፣ ይቺ ፊልም በሳቅ ትገድላለች" አለኝ። መግደሉንስ ትገድላለች።

ፊልሙ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ከረባት ያሰረ፣ ለሰው ሁሉ ጎንበስ የሚል ጨዋ ሰው ነው። የሚረብሸውን ነዋሪ በመጀመሪያ በደብዳቤ ያስጠነቅቃል። ካልታረመ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጽፋል። ሦስተኛ ደብዳቤ የለም፤ በመዶሻ ይመጣል። ሥራውን ሲጨርስ ደረጃውን አንድ በአንድ ይወለውላል፤ የጽዳት ደንቡን የጻፈው እሱ ራሱ ነዋ። ደሙ ለጉድ ነው። ሰው ሲገደል ያስቃል ብሎ ይህን የሠራው ሰው እናት አባት የለውም ወይ? እያልኩ ነበር። ግን ልዋሽ እንዴ? ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን ሬሳ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከጣለው በኋላ ዕለቱ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን አለመሆኑን አስታውሶ፣ እያቃሰተ ተሸክሞ ሲመልሰው ከንፈሬ ፈገግ ብሏል።

ሃርሜ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ተርጓሚ ያስፈልግ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህር በተቀመጠበት ቤት ይህ ሥራ ለማን ይገባል? ማስታወቂያ ይውጣበት? ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጀምር ስል ኦቦ ፊጡማ ቀድሞኝ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያወርደው ጀመር።

ሊቀመንበሩ በእንግሊዝኛ "እናቴ ከሞተች ወዲህ ኮሽታ ከሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም" ይላል። ኦቦ ፊጡማ "ኦሪጅናሉን ከኮፒው ጋር አምጣ ብዬህ አልነበረም?" ይላል። ሟቹ ተንበርክኮ ስለ ልጆቹ ይለምናል። ኦቦ ፊጡማ "ጌታዬ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም" ይላል። መዶሻው ሲነሳ ደግሞ "እንግዲያው ነገ ተመለስ!" ኳ!

ሌንሴ ሳቀች። መጀመሪያ በእጇ አፏን ሸፈነች፣ ቀጥላ ሆዷን ያዘች፣ በመጨረሻ የሶፋውን ትራስ ነክሳ ተንፈራፈረች። አልፎ አልፎ ዘወር ብላ አየት ታደርገኝና የባሰ ትስቃለች፤ ከሱ ጋር እያስተያየችኝ መሰለኝ። ሃርሜም "ያ ዋቃ!" እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። እኔ አንጀቴ አረረ። በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ሳቅ ቤቴ ገብቶ የመጣው ለጎረቤት! መቼም ፈጣሪ አየልኝና መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ሰውየው ዝም የሚል መስሎኛል። ወይ ፍንክች! ምስል የለ፣ ድምፅ የለ፣ ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያየ ሦስት ሰው ገደለልን። አራተኛው "የስብሰባ አበል ሳልቀበል አልሞትም" ብሎ ሲያስቸግረው ሌንሴ ከሶፋው ወረደች።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አይጠይቁኝ። ተማሪዎቼ ሲስቁ እንኳ ደሜ ይፈላ ነበር። ፍላሹን ለምኜ ያስቀረሁት ሰውየውን ላዋርደው አስቤ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ሁሉንም፣ ኦቦ ፊጡማንም ጭምር፣ አስቀመጥኩና ዛሬ ዕውቀት ይናገር ብዬ ያንኑ ፊልም ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንዲት ስህተት አልነበረችበትም። ሊቀመንበሩ ስለ እናቱ ሲናገር ድምፄን ሰበር አድርጌያለሁ። አንድም ሰው አልሳቀም። ሃርሜ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ፤ ኦቦ ፊጡማ አንገቱን ደፋ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ሃርሜ "አቁሙት" አሉና እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው ለሊቀመንበሩ ነፍስ ጸለዩ። ጨርሰው እጃቸውን ወደ እኔ አዞሩና ለእኔም ጸለዩልኝ። ሌንሴስ? እሷ ክንዷን አጣጥፋ ትመለከተኝ ነበር፤ ጥርሷን ግን አላየሁትም።

ማሸነፍ እንዲህ መራራ ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ሰው ከተበተነ በኋላ ዕቃ ስታጥብ ጓዳ ተከትያት ገባሁና ተነፈስኩት። ያ ሰው ካወራው ውስጥ አንድም ቃል ፊልሙ ላይ የለም፣ ሁሉንም ከሆዱ ነው የፈጠረው አልኳት። "አውቃለሁ" አለች ቀና ሳትል። "ነርስነት የተማርኩት በምን ቋንቋ ይመስልሃል?" እውነት ነው፤ የእንግሊዝኛ መምህር ቤቱ ውስጥ ሌላ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ይረሳል። ታዲያ ምን እንዲያ አሳቀሽ? አልኳት።

"አንተ ነሃ" አለች። ኦቦ ፊጡማ አንድ ነገር በተሳሳተ ቁጥር ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ በዝምታ ሳርመው ነበር አለች። አፍንጫዬ ይነፋ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ የምፈልግ ይመስል እጄ ኪሴን ይዳብስ ነበር። "ፊልሙን ለሃርሜ ትቼ አንተን ነበር የማየው" ብላ ሳህኑን አቀበለችኝ።

እንግዲህ ደስታዬን በምን ልግለጽልዎ? ቅናቴ በአንዴ ብን አለ። ሳስቃት የነበርኩት ለካ እኔው ነኝ! በሦስተኛው እሁድ ራሴ ኦቦ ፊጡማ ቤት ሄጄ፣ እባክህ ሌላ ፊልም ይዘህ ብቅ በል ብዬ ለመንኩት። መጣ። ሰው በመጋዝ የሚከረከምበት ፊልም ነበር፤ እንደ ልማዱ እያሳመረ ዋሸ። እኔም ቦታዬን ይዤ መናደድ ጀመርኩ። ግን ደስ ያለው ሰው እንዴት ብሎ ይናደዳል? አፍንጫዬን ነፋሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፣ ኪሴን ዳበስኩ። ሌንሴ አየችኝና "እሺ" አለች።

ፊልሙ አለቀ። ሃርሜ ጋደም ሊሉ ወደ መኝታ ቤት ገቡ፤ እኔ በሐዘን ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ኦቦ ፊጡማ ፍላሹን ኪሱ ከቶ ከተነሳ በኋላ ሌንሴን በሐሳብ ተመለከታት። "ዛሬ አንዴም አልሳቅሽም፣ አሞሻል እንዴ?" አለና ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ "ምግብ ይበላልሻል? እንቅልፍስ?" እያለ ይጠይቃት ገባ። ላም ቢኖረኝ በደስታ ይመርምርልኝ ባልኩ ነበር፤ የገዛ ሚስቴ እንቅልፍ ግን እሱን ምን አገባው?

ፊቴ በዚያች ቅጽበት ምን እንደመሰለ እኔ አላየሁትም። ሌንሴ ግን ቀና ስትል አየችው። ትራሱን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ሃርሜ ከመኝታ ቤት ሆነው "እኔን ጥላችሁ ሌላ ፊልም ከፈታችሁ?" ብለው እስኪጮሁ ድረስ ሳቀች።