አራት ምንጣፍና አንድ ሽምግልና

ሐረር ውስጥ ስድሳን ያለፈ ወንድ በሁለት ነገር አይመከርም፤ በጤናውና በፍሪሲዮኑ። አትቆጡ ወንድሞቼ፣ አንዱ እኔ ነኝ! ሐኪም "ጨው ይቀንሱ" ሲለኝ "ምላሴ ያውቃል" እላለሁ። ሰው "ፍሪሲዮንህን አሳይ" ሲለኝ ደግሞ "እግሬ ያውቃል" እላለሁ። ስለ ምላሴ ገና ማስረጃ አልተገኘም። እግሬ ግን ምንም እንደማያውቅ ዘንድሮ በሰው ግቢ ውስጥ በይፋ ተረጋግጧል።

መኪናዬን ሳታውቋት አትቀሩም። ባታዩዋት እንኳ ሰምታችኋታል። ማርሽ ሳስገባ ፈረስ መጋላ ላይ የቆሙት ባለ ታክሲዎች "ጋሽ ተፈራ መጡ!" የሚሉት ዞረው ሳያዩ ነው። ፍሪሲዮኗን ለመርገጥ መሪውን በሁለት እጅ ጨብጦ፣ ጀርባን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል። ስትለቁት ደግሞ ጡረተኛ ከወንበር እንደሚነሳው ቀስ... ቀስ... እያለ ነው የሚመለሰው። ይህ ለእኔ ተመችቶኝ ነበር። ፔዳሉ እስኪመለስ ድረስ መነጽሬን አወልቃለሁ፣ ቁልፉን አጠፋለሁ፣ ጊዜ ከተረፈኝም መንገደኛ ሰላም እላለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ተቻችለን ኖርን። ባለቤቴ ዘነበች ግን ገና ድሮ "እኔ ወገቤን እፈልገዋለሁ" ብላ ወርዳለች። የምትሄደው በባጃጅ ነው።

ነገሩ የመጣው በዳዊት ነው። ዳዊት የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ አባቱ ካረፈ ወዲህ አባት የሚለው እኔን ነው። አንድ ቀን መጥቶ ጉልበቴን ሳመና "አባባ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ" አለኝ። የፈለጋት ልጅ ቤቷ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ፣ ዳገቱ ላይ ነው። አባቷ አቶ ግርማ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ደህና ዋልኩ ብትሏቸው እንኳ አሠራሩን አሳየኝ የሚሉ ዓይነት ሰው። ከእኔ ጋር መሪጌታ ኅሩይና ሻምበል ከበደ ተመረጡ። ለሦስት ሰው ባጃጅ ይበቃ ነበር። ግን ጋቢ ለብሶ ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቆ የመጣ ሽማግሌ... እናንተስ ብትሆኑ ልጅ ትሰጡታላችሁ?

"በእኔ መኪና እንሄዳለን!" አልኩ። ማንም አልለመነኝም።

ዳገቱን ስንጀምር ማርሽ ቀየርኩ። መሪጌታ ከኋላ ወንበር ጮኹ።

"ምን ሆነች?"

"ማርሽ እየገባላት ነው።"

"እኔ ደግሞ ነፍስ እየወጣላት መስሎኝ!"

ሻምበል ከበደ ባርኔጣቸውን ከወለል እያነሱ፣ "በታንክ ሄጄ አውቃለሁ። ታንክ ይለሰልሳል" አሉ።

አቶ ግርማ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን፣ እኛ ሦስት ጊዜ ዘልለን፣ ሁለት ጊዜ ሞተር አጥፍተን ደረስን። እንደ ወጉ ቆመን ተናገርን፤ እንደ ወጉ "ዘመድ እናማክርና በሁለት ሳምንት ተመለሱ" ተባልን። እስከዚህ መልካም ነው። ልንወጣ ስንል ግን "ለመሆኑ የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"የረጋ ነው!" አሉ መሪጌታ።

አቶ ግርማ መኪናዬን ትክ ብለው አዩዋት። "የረጋ ልጅ በዚህ ሽማግሌ ይልካል?" አሉና በሩን ዘጉት።

ዳዊት ይህን ሲሰማ ጠጋ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። "አባባ፣ አይቆጡኝና... በእኔና በእሷ መካከል የቀረው የእርስዎ ፍሪሲዮን ነው።"

በማግስቱ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ መካኒኩ ዑስማን ሄድኩ። ዑስማን በሩን ከፍቶ አንገቱን ወደ ፔዳሎቹ አስገባ፤ ብዙ ቆየ።

"አቦ ጋሼ! ይሄ መኪና ነው ሳሎን?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘነበች በየጊዜው ለሳሎኑ አዲስ ምንጣፍ ስታስነጥፍ፣ እኔ ከአሮጌው ቆርጬ ለመኪናዋ አለብሳለሁ። የፊተኛውን ማንሳት ግን ንብረት ማራቆት መስሎ ይሰማኛል። ዑስማን አንዱን አነሳ፤ ሥሩ ሌላ። ያንን አነሳ፤ ሥሩ ሌላ። ከሦስተኛው ሥር ጠፋብኝ ብዬ ዘነበችን ሳምንት ያኮረፍኩበት መነጽሬ ወጣ። ከአራተኛው ሥር የመኪናዋ ወለል ታየ። እኔም ቀለሙን ያየሁት ያኔ ነው።

"ፔዳሉ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ የለውም ወላሂ!" አለ ዑስማን። "እስከ ታች ካልወረደ ማርሹ ይጮኻላ! እርስዎ ሃያ ዓመት ሲረግጡ የኖሩት ምንጣፍ ነው።"

የፍሪሲዮኑ ገመድም ዝጎ ኖሯል፤ የሚከብደውና ተኝቶ የሚመለሰው ለዚያ ነው። ዑስማን ገመዱን ቀየረ፣ ማጠፊያዎቹን ግሪስ ቀባ፣ አንድ ምንጣፍ ብቻ አስቀረልኝና "ይርገጡ" አለኝ። እንደ ልማዴ ትንፋሼን ይዤ ረገጥኩ። እግሬ በጨለማ የሌለ ደረጃ እንደሚረግጥ ሰው ዘጭ አለ።

"ዑስማን! ፍሪሲዮኑ የለም!"

"አለ ጋሼ። አሁን ነው ያለው። ግን ሁለት ሦስት ቀን ከከተማ ወጥተው ድሬ ጠያራ መንገድ ላይ ይለማመዱ። መኪናዋ ድናለች፤ እግርዎ ገና ነው።"

ለእኔ ልምምድ? እግሬ ያውቃል! እነዚያን ቀናት ያሳለፍኩት መኪናዋን ደጄ አቁሜ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራሁ ፔዳሉን በእጅ በማስጫን ነበር። "ተመልከት፣ ቅቤ!" እያልኩ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ዳገቱን እንዴት ወጣነው መሰላችሁ! ማርሹ ሳይሰማ ይገባል። መሪጌታ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሻምበል "ይህቺ ያቺ ናት?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። የአቶ ግርማ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አቶ ግርማ ውስጥ፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ቆመዋል። ሽማግሌ "ግቡ" ሳይባል ደጃፍ አያልፍም። እኔም ይህን አውቄ ልክ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ማርሹ አንደኛ ላይ እንዳለ፣ እንደ ሃያ ዓመት ልማዴ ሁለቱንም እግሬን አነሳሁና... መነጽሬን ለማውለቅ እጄን ሰደድኩ።

ቅቤው ግን ጡረተኛ አልነበረም።

መኪናዋ ዘለለች። ግቢው ወደ ውስጥ ቁልቁል ነው። ሦስታችንም "ግቡ" ሳንባል ከነጋቢያችን ገባን፤ ሞተሯ የጠፋው ሰሌን ላይ የተሰጣውን በርበሬ በፊት ጎማዋ ካደቀቀችው በኋላ ነው። ቀይ አቧራ ተነሳ። መሪጌታ ከእንቅልፋቸው ባነኑ፣ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው "ይባርክ! ይቀድስ! ወልዳችሁ ሳሙ!" ማለት ጀመሩ። አቶ ግርማ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ "እንጥሽ!" አሉ፣ ራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ዝቅ ብሎ።

"እሺ ብለዋል! ራሳቸውን ነቀነቁ!" አሉ ሻምበል።

"አልነቀ... እንጥሽ!"

"ደገሙት!"

ሁላችንም እናለቅሳለን፣ እናነጥሳለን። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ዳዊትን አሰብኩት፤ ከታች ስልኩን ይዞ የሚጠብቀውን። አበቃለት፣ አልኩ። ያን ጊዜ የልጅቷ እናት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ጎማዬ ጎንበስ አሉና "ግርማ፣ ከወፍጮ ቤት ሰልፍ ገላገሉኝ እኮ!" አሉ።

አቶ ግርማ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እንባቸውን ጠርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ቆመው እንደ ወጉ ተናገሩ።

"ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ግን በሽማግሌዎች ፊት ይያዝልኝ። በሠርጉ ዕለት ጋሽ ተፈራ መሪ አይጨብጡም።"

"ተስማምተናል!" አሉ መሪጌታና ሻምበል በአንድ ድምፅ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሠርጉ ባለፈው እሑድ ሆነ። መኪናዬን ዑስማን ነዳት። ዘነበች ከስንት ዓመት በኋላ ገባች፤ ከፊት ተቀምጣ "ለካስ ደህና መኪና ነበረን" አለች። እንዳልሰማ ሆንኩ። እኔ ከኋላ፣ ከተረፈችው አንድ ምንጣፍ ላይ ግራ እግሬን ዘርግቼ፣ ዑስማን ማርሽ በቀየረ ቁጥር አብሬው እረግጣለሁ፣ አብሬው እለቃለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሹ ድረስ አንድም ጊዜ ሞተር አላጠፋሁም።