የመቀበል ልምምድ

(ወረታ፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.። ማሠልጠኛ ቤቱን ውኃ ከወሰደው ወዲህ የወጣቶች የአናጢነት ክበብ የሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር። ሊቀ መንበሩ ገብረ ሐና እና ረዳቱ ማረው እንግዳ ይጠብቃሉ።)

ማረው፦ አልልም አልሁህ! እንግዳ ገና ከመኪና ሳይወርድ «ቸግሮናል» ብዬ አልቀበልም። እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?

ገብረ ሐና፦ እናትህ የእርዳታ ድርጅት ባለሙያ አይደሉም፤ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ግን ናቸው። ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡት ችግራችንን ሊሰሙ እንጂ ጨዋነታችንን ሊመርቁ አይደለም።

ማረው፦ መጀመሪያ ደኅና ነን ብያቸው፣ በጨዋታ መሀል ጣል ባደርገውስ?

ገብረ ሐና፦ ጓድ ማረው፣ እኔ ደብረ ታቦር ሴሚናር የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ድርጅት የሚረዳው ጉድለቱን አፍ አውጥቶ የሚናገርን ማኅበር ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ መጋዛችንን፣ መላጊያችንን፣ መሯችንን ጠራርጎ ከሄደ ወዲህ ልጆቹ የሚሠሩት ከባለ ሱቁ ከአቶ ሳልህ በተዋስነው መጋዝ ነው፤ እሱንም ማታ ማታ ሱቃቸው ሳይዘጋ እንመልሳለን። ዛሬ መሣሪያ ካላገኘን ክበቡ ይዘጋል፣ ልጆቹም ይበተናሉ። ገባህ?

ማረው፦ ገባኝ።

ገብረ ሐና፦ እንግዲያስ እንለማመድ። እኔ ወይዘሮዋ ነኝ። (ጋቢውን እንደ ሴት ይከናነባል።) «እንደምን ናችሁ? ክረምቱስ እንዴት አደረጋችሁ?»

ማረው፦ (እጅ ነሥቶ) እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆንን! ግድግዳው ብቻ ነው የሄደው።

ገብረ ሐና፦ ግድግዳው «ብቻ»? ጣራውስ?

ማረው፦ ጣራውማ አለ። ጣና ዳር ያዩት ሰዎች አሉ።

ገብረ ሐና፦ ወይ መከራዬ! ስማኝ፣ ቃል አታብዛ። ምንም ቢጠይቁህ መልስህ አንዲት ናት፦ «ያስፈልገናል»። እንቀጥል። «መጋዝ ልላክላችሁ?»

ማረው፦ ኧረ አይቸገሩ…

ገብረ ሐና፦ ማረው!

ማረው፦ ያስፈልገናል።

ገብረ ሐና፦ «ሥልጠናስ?»

ማረው፦ እሱማ ለሌላ ጊ… ያስፈልገናል!

ገብረ ሐና፦ ጎሽ! ሥልጠናው እንኳ የእኔ ነው። ባሕር ዳር ስድስት ወር ተምሮ የሚመለስ አንድ ሰው ይፈልጋሉ፤ መሣሪያውም የሚሰጠው ለተማረው ሰው ክበብ ነው። የሚሄድ ከጠፋ በቀጥታ ለይፋግ ከተማ ክበብ ያልፋል። እንግዲህ ከአሁኑ እወቀው፤ ስመለስ «መምህር» ነው የምትለኝ።

(የላንድሮቨር ድምፅ። ሁለቱም እየሮጡ ወደ መንገዱ ይወጣሉ። ጥቂት ቆይቶ መኪናው ሲነሣ ይሰማል። ገብረ ሐና በፈገግታ፣ ማረው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳሉ።)

ገብረ ሐና፦ አየህ አይደል፣ ሰው እንዴት እንደሚነጋገር?

ማረው፦ አየሁ። «ባሕር ዳር ሄደው ይማሩልናል ወይ?» ሲሉህ፣ «ኧረ እኔ ምኑን ችዬው! ለሚገባው ይስጡት» አልህ።

ገብረ ሐና፦ ታዲያ በመጀመሪያው ቃል ዘልዬ እሺ ልበል? ሠርግ ቤት እንኳ ሦስቴ ሳይለመን ወደ ማዕድ የሚቀርብ ጨዋ አይተህ ታውቃለህ?

ማረው፦ እሳቸው ግን አንዴ ጠይቀው ተዉህ።

ገብረ ሐና፦ ጥቂት ሄደው ይመለሳሉ። «በሞቴ» ይላሉ፤ እኔም ደግሜ እምቢ እላለሁ፤ ያን ጊዜ ክንዴን ይዘው…

ማረው፦ (እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ እያየ) የደብረ ታቦርን መገንጠያ አለፉ። ወደ ይፋግ ነው የያዙት።

ገብረ ሐና፦ (ክው ብሎ) ይፋግ? ወይኔ! ክበቡን በገዛ ይሉኝታዬ ገደልሁት! ልጆቹን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ማረው፦ አልገደልኸውም። አንተ በትሕትና ፊትህን ወደ ዋርካው ስታዞር እኔን ጠየቁኝ።

ገብረ ሐና፦ ምን ብለው?

ማረው፦ «እርስዎስ ሥልጠናው ያስፈልግዎታል?» ብለው። «አይቸገሩ» የምትለው ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ምክርህ ትዝ ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ «ያስፈልገናል» አልኋቸው። ሰኞ እሄዳለሁ፤ መጋዙም መላጊያውም ለእኛ ሆነ። ወደ ይፋግ የሄዱትም ይህንኑ ሊነግሯቸው ነው።

ገብረ ሐና፦ ተመስገን! ልጆቹ ተረፉ! (ድንገት ወደ ማረው ዞሮ) አንተ? ባሕር ዳር? ስድስት ወር?

ማረው፦ (አዝኖለት) ከፋህ መሰለኝ። ግድ የለም፣ ይፋግ ሳይለቁ ደርሼ «የሚሄደው ገብረ ሐና ነው» ብዬ ልንገራቸው። አንተው ሂድ።

ገብረ ሐና፦ (እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር እያደረገ) ኧረ በጭራሽ! እንዴት ተደርጎ! ካንተ አፍ ነጥቄ?

ማረው፦ እንግዲያስ እሺ።