ከግድግዳ የማይወጣ ዋይፋይ

ሰው ያለውን ሁሉ ማጠር ይወዳል። መሬቱን ያጥራል፣ ጉድጓዱን ይቆልፋል፣ ለጎረቤት ጥላ የሚሰጠውን የማንጎ ቅርንጫፍ እንኳ ቆርጦ ይጥላል። አየርን ግን ማንም አያጥርም ብዬ አምን ነበር። ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈምና ስለ ዓለም የማላውቀው ብዙ ነው። ለካ አየርም ይታጠራል።

ያጠሩት ጎረቤቴ አቶ ደረጀ ናቸው። የስልክ ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ፣ እኛ ዓባይ ማዶ ሰፈር ዋይፋይ የገባው እሳቸው ቤት ብቻ ነበር። የይለፍ ቃሉ እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቅ፣ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ግድግዳቸው ሥር ተኮለኮለ። አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ፣ ዓለምን ረስቶ። እኔ ኪዳን ላይ እንኳ እንዲያ ተመስጬ አላውቅም።

አቶ ደረጀ ግን ተቃጠሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ።

"አያ ሙላት፣ አበቃላቸው" አሉኝ። ራውተር የሚሉት ሳጥን ውስጥ በስልካቸው ገብተው፣ ሰው የማይደርስበት ጓዳ ድረስ ዘልቀው የዋይፋዩን ስም ደብቀውታል፤ ከቤተሰቡ ስልክ በቀር ሌላ እንዳይገባ ከልክለዋል፤ ጉልበቱንም ዝቅ፣ ዝቅ አድርገው ከመጨረሻው ላይ አስቀምጠውታል። "አሁን ከግድግዳዬ ስንዝር አትወጣም።"

"ሳሎንዎ ትደርሳለች?"

"ሳሎን ምን ልትሠራ? ሳጥኑ ያለው መኝታ ቤት፣ እኔም የማየው ተኝቼ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ "እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ" ብዬ አለፍሁ።

ጥቂት ቆይቶ ተከራዬ ዮሐንስ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የአቶ ደረጀን ልጅ ሰላምን ለትዳር ፈለገ። ሽማግሌ ሆነን የሄድነው እኔ፣ መሪጌታ እንግዳና ጀልባ ሠሪው ሐጂ ሰይድ ነን። እንደ ደንቡ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለን ሳሎኑ መሐል ቆምን። አቶ ደረጀ ግን "ያሳደጋት አዲስ አበባ ያለው አጎቷ ነው፤ የሽማግሌዎቹን ፊት ሳላይ ቃል አልሰጥም ብሏል" አሉን። መንገዱ አያስመጣውም፤ ዳታም ገና ስላልተመለሰ ሊያየን የሚችለው በዚያው ዋይፋይ፣ በቪዲዮ ብቻ ነው። ሰላም በር ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች።

ተደወለ። አጎትየው ብቅ አለና አፉን እንደከፈተ ደረቀ። እንደገና ተደወለ፤ እንደገና ደረቀ።

"ደረጀ" አሉ ሐጂ ሰይድ፣ "ይኸ ሰው እንቢ ማለቱ ነው?"

አቶ ደረጀ የዋይፋዩን ጉልበት ከፍ ሊያደርጉ ስልኩን ነካኩት፣ ነካኩት፤ ያን ጊዜ የገቡበት መንገድ ጠፋቸው። በመጨረሻ "እንግዲህ ወደ ውስጥ ግቡ" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። ባለቤታቸው ቀድመው ሮጡና የተዝረከረከ ልብስ ሰበሰቡ። ሦስት ሽማግሌ ከነጋቢያችን በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ተሰካን።

አጎትየው ጥርት ብሎ መጣ። የልጁን ወገን ጠየቀ፣ ሥራውን ጠየቀ። ቀጥሎ "የት ተዋወቁ?" አለ።

መሪጌታ ጣሪያውን አዩ። ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። እኔ መዋሸት አላውቅበትም።

"ከዚሁ ግድግዳ ሥር ነው" አልሁ። "ዋይፋይ ሊሰርቅ መጥቶ።"

አቶ ደረጀ በርበሬ መሰሉ።

"አሁንም ይሰርቃል?" አለ አጎትየው።

"ከተዘጋ ሰነበተ። ሌሎቹ ያኔውኑ ተበተኑ፤ እሱ ግን ማታ ማታ እዚያው ይቆማል።"

አጎትየው ጥቂት ዝም አለ፤ የደረቀ መስሎን ደነገጥን። ከዚያ ሳቀ። "እንግዲያውስ የሚመጣው ለዋይፋዩ አይደለም። እኔ ሰጥቻለሁ። ደረጀ፣ አንተስ?"

አቶ ደረጀ የገዛ አጥራቸው መሰከረባቸው። "ይሁን" አሉ።

መልስ የሰማ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ደንብ ነው። ወንበሩ ደግሞ ሳሎን ቀርቷል። ግራ ቀኝ አየንና ሦስታችንም አልጋቸው ላይ ተቀመጥን። አየራቸው እንዳይደርሰን ያን ያህል የደከሙት ሰው፣ ቁም ሳጥኑን ተደግፈው እንደቆሙ ቀሩ። መሪጌታም ትራሱን ወደ ጀርባቸው ሳብ አድርገው ምርቃቱን ጀመሩ።

መሪጌታ አጭር ምርቃት አያውቁም።