የማዶ ኮከብ ሰልፈኞች

ስለ ወደፊቱ ዓለም የሚተርክ ሰው ሁሉ ሲጀምር ደግ ነው። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። በመጀመሪያው ፊልም ሰዎች ከኮከብ ኮከብ እየተጓዙ ከማያውቁት ፍጡር ጋር ይጨባበጣሉ፤ ረሃብ የለ፣ ድንበር የለ፣ ሁሉም ተምሯል። ክፍል ሁለት ላይ አንድ ክፉ ሰው ብቅ ይላል። ክፍል አምስት ላይ ስትደርሱ ያ ሁሉ የተማረ ሰው መርከቡን የመድፍ መጋዘን አድርጎት ታገኙታላችሁ። ልጆቼ ይህን እያዩ ሲቁነጠነጡ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ለብቻዬ እስቃለሁ። በሽታውን ቀድሞ የማውቀው ከኮልፌ ነዋ! በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ፣ ስኳር ስንጠብቅ አይቼዋለሁ። መድኃኒቱንም ያየሁት እዚያው ነው።

ያን ጊዜ ሰልፍ የሚይዘው ሰው ብቻ አልነበረም። ወጥ የጣደች፣ ሥራ የሚረፍድበት፣ ወገቡን ያመመው፣ ሁሉም በቦታው አንድ ድንጋይ ያስቀምጥና ይሄዳል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የኋላው ሰው የጎረቤቱን ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። መመሪያ ያወጣልን አካል አልነበረም፤ ግን የሌላውን ድንጋይ የሚደፍር አልታየም። አንዲት ጨካኝ ሕግ ብቻ ነበረችን፤ ባለቤቱ ሳይመጣ መስኮቱ ዘንድ የደረሰ ድንጋይ ይወረወራል።

ታዲያ ሰልፉ ከመሰልቸት ብዛት እርስ በርሱ መነካከስ ሲጀምር፣ እትዬ ሙሉ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ ማዶ ስለሚባል ኮከብ ይተርኩልን ጀመር። በማዶ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ብረቱ ሁሉ አልጋና ድልድይ ሆኖ ስላለቀ ለጠመንጃ አልተረፈም። እና ምኑ ይተረካል? ትሉ ይሆናል። አንድ ሰሞን የተረኩልን በሩን ሳይቆልፍ መተኛት ስላቃተው እንግዳ ነበር፤ የማዶ ሰዎች በየተራ ደጁ ላይ እየተቀመጡ እንዴት እንቅልፍ እንዳስለመዱት። ያ ሁሉ ሰልፈኛ፣ ከአየር ጤና የመጣው ጋራዥ ሠራተኛ ሳይቀር፣ ሰውዬው እስኪያንቀላፋ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ሰማ። እንዲህ ያለ ችሎታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ከሁላችንም ይልቅ ማዶን የሙጥኝ ያሉት ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ስኳር በሌለበት ቀን ሳይቀር ጣሳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«እትዬ ሙሉ፣ እዚያ ልጅ ለጦር ይወስዳሉ?»

«የሚወስድም የለ፣ የሚወሰድበትም የለ፣ አስካልዬ።»

ሴትዮዋ በዚያ መልስ ሰነበቱ።

ክረምት ላይ እትዬ ሙሉ የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ጎጃም ሄዱ። ማዶ ያለ ባለቤት እንዳትቀር አቶ ሸምሱን ለመንናቸው። አቶ ሸምሱ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ወሬያቸው የማይጠገብ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ላይ ኮከቡን እንዳለ ጠበቁት። ሰልፉ ሲያዛጋባቸው ግን አንድ ሌባ አስገቡ። ሌባው ቁልፍ አመጣ፣ ቁልፉ ዘበኛ አመጣ፣ ዘበኛው ባዶ እጁን አይቆምም ተብሎ ጠመንጃ ተሰጠው። ጠመንጃ ካለ ደግሞ ጠላት መፈለጉ አይቀርም። እኛም አጨበጨብን! በመጨረሻ ማዶ ለሁለት ተከፍላ ጎረምሳ ሁሉ ይዝመት ተባለ።

«እዚያም?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ጣሳቸውን አንስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ጣሳቸውን የምታመጣላቸው ጎረቤታቸው ሆነች።

እትዬ ሙሉ ተመልሰው ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይቆጣሉ ብለን ጠበቅን። አቶ ሸምሱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ሰልፈኛው ግን ጦርነቱ እንዲሰረዝ አልፈለገም፤ ልብ የተሰቀለበት ነገር ነዋ።

«ሁለቱ ጦር ፊት ለፊት ተሰልፏል አልክ፣ ሸምሱ?»

«አዎ፣ እትዬ። ጠዋት ሊዋጉ ነው።»

«ደግ። ወታደሮቹ መቆም ሰለቻቸው። እኛ ሲሰለቸን ምን እናደርጋለን?»

ሁላችንም እግራችን ሥር አየን።

«እነሱም እንደዚያው አደረጉ። እያንዳንዱ በቦታው አንድ ድንጋይ አስቀመጠና ወደ እናቱ ቤት ሄደ። አዛዦቹ በመነጽር ሲያዩ ሰልፉ ሙሉ ነው። ጦርነቱ ይኸው እስከ ዛሬ ቀጥሏል።»

«ታዲያ ማን ሊያሸንፍ ነው?» አሉ አቶ ሸምሱ።

«ተራው የደረሰው።»

በዚያ ዘመን፣ በዚያ ደጃፍ፣ ይህ እንዲሁ የሚወረወር ቀልድ እንዳልነበረ ላስታውሳችሁ። ጥግ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ከሁላችንም ቀድሞ ሳቀና፣ ሥራው ትዝ ሲለው ጠመንጃውን አስተካከለ። እኔ እትዬ ሙሉን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እናቴ ወደድኳቸው።

ወሬው ወይዘሮ አስካለ ጆሮ ሳይደርስ አላደረም። በሚቀጥለው ሰልፍ ራሳቸው መጡ፤ ከጣሳቸው አጠገብ አንድ ድንጋይ አስቀመጡ። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ስንገፋው፣ ስንገፋው መስኮቱ ዘንድ ደረሰ። ሴትዮዋ ስኳራቸውን ተቀበሉ፤ ድንጋዩ ቀረ።

ሻጩ ታደሰ ለእናቱም ሕግ የማያላላ ሰው ነው። ድንጋዩን አነሣው። ይወረውረዋል ብለን ስንሳቀቅ ጭቃውን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገና ውስጥ፣ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠው።

«ተራው ደርሷል» አለ። «ሲመጣ ይወስዳል።»

እዚያው ከረመ። ወራት አልፈው፣ አንድ ጠዋት ሰልፉን ጨርሼ ወደ መስኮቱ ስጠጋ ሚዛኑ አጠገብ ድንጋይ የለም።

«ታደሰ፣ ድንጋዩስ?»

«ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው» አለኝ፣ የመጨረሻዋን ስኳር ከፊቴ ላለችው ሴት እየመዘነ።

ለእኔ አልተረፈኝም። ባዶ ከረጢት እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።