የቺካጎዋ ላምና የእኛ ቤት ፎጣ

ላም ከተማ ታቃጥላለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ሰኞ ትምህርት ቤት የተማርኩት ይሄንን ነው። ቺካጎ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ ድሮ በእሳት ወድማ ነበር አሉ። እሳቱ የተነሳው ከአንዲት ድሃ ሴት በረት አካባቢ ነው። ታዲያ ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ላሟ ናት! ፋኖስ ረግጣ ነው!» ያየ የለም። ላም ደግሞ አትከራከርም።

ይሄን ስሰማ ለላሟ ወገንኩ። ለምን መሰላችሁ? እኛ ቤት ላሟ እኔ ነኛ!

እኔና እማዬ በሰው አገር፣ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የምንኖረው። የቤቱ ዋና ተከራይ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ አንዷን ክፍል ለእኛ፣ አንዷን ለጋሽ ሀብቶም አከራይተዋል። ጋሽ ሀብቶም አስመራ ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ከሰኞው በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት የወጥ ቤቱ ፎጣ ምድጃው ላይ ተቃጠለ። እትዬ ዘነበች ጭሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ይቺ ዝምተኛ ናት!» አሉ። እማዬንም፣ ቤቱ ሳይነድ ሌላ ክፍል ፈልጊ አሏት።

እኔ ገና ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ በርበሬ ገዝቼ መግባቴ ነበር። በርበሬው እጄ ላይ ነው! «ቤት አልነበርኩም» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን በርበሬውን ወደ ማሰሮው መገልበጥ ጀመርኩ። እማዬ «ተናገሪ እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝንቡስ አይገባም፤ የሰው ጥፋት ግን ሰተት ብሎ ይገባል።

ሰኞ እራት ላይ፣ ስለ ራሴ መናገር ቢያቅተኝ ስለ ላሟ ተናገርኩ። ከስንት ዘመን በኋላ የከተማው ምክር ቤት እሷንም ባለቤቷንም ነጻ እንዳላቸው ሳይቀር። እትዬ ዘነበች ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ውይ ምስኪን! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አሎራ፣ ታዲያ ማን ነው ያቃጠለው?»

«እስከ ዛሬ አልታወቀም» አልኩ።

ጋሽ ሀብቶም ሹካቸውን አስቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ቺካጎን?!» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ፎጣውን። ቡና ጥጄ ረሳሁት። ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ታዲያ ምን አለበት ጋሼ? ፎጣ አይደል እንዴ?» አሉ እትዬ ዘነበች። በእኔ ጊዜ ቤት ሊነድ ነበር፤ በእሳቸው ጊዜ ፎጣ ሆነ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፤ ክፍላችን ከተረፈ ይበቃናል።

ትናንት ደግሞ ብርጭቆ ተሰብሮ ተገኘ። እትዬ ዘነበች እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ቀና ብዬ አየኋቸው። ቶሎ ብለው «ድመቷ ትሆናለች» አሉ።

ድመት የለንም።